ስለ አቀማመጥ ልክና ስለ ባለሙያ እጅ



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም የአቀማመጥ ነገር ነው። ወገቡን የታመመ ሰው ወደ ፊዚዮቴራፒስት ሲሄድ ባለሙያው አንድ እጁን ከወገቡ፣ ሁለተኛውን ከደረቱ ላይ አድርጎ «እንዲህ ተቀመጥ» ይለዋል። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ያው ሰው ነገ ቢመለስ፣ ወይም ወደ ሌላ ባለሙያ ቢሄድ፣ በዚያው ልክ ይቀመጣልን?

ጨርቅ በክንድ ሲለካ ያየ ሰው ጥያቄያችንን ቶሎ ይረዳዋል። የአንዱ ነጋዴ ክንድ ጠዋትም ማታም አንድ ነው፤ ከጎረቤቱ ክንድ ጋር ግን ላይተካከል ይችላል። የባለሙያም እጅ እንደዚሁ በሁለት ወገን ሊፈተን ይገባል፤ አንደኛ ከራሱ ጋር፣ ሁለተኛ ከባልንጀራው ጋር። ፈተናውም ሰውየውን አስቀምጦ የወገቡን ጉብጠት በመሣሪያ በዲግሪ መለካት፣ ከዚያም አስነሥቶ፣ የቀድሞውን ቁጥር ለባለሙያው ሳያሳዩ፣ እንደገና ማስቀመጥ ነው።

ሥራውን የሚያከብደው የሰውነታችን አሠራር ነው። የወገብ አከርካሪ 5 አጥንቶች አሉት፤ ቆመን ሳለን እንደ ደጋን ወደ ፊት ጎበጥ ይላሉ። ስንቀመጥ ግን ዳሌያችን ወደ ኋላ ስለሚዞር ይህ ጉብጠት ይቀንሳል። ባለሙያውም አጥንቱን በቆዳና በሥጋ ላይ ዳስሶ ይገምተዋል እንጂ በዓይኑ አያየውም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ብላንድና አልትማን የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ እንዳስረዱት፣ ሁለት ልኬቶች አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸው ብቻ መስማማታቸውን አያረጋግጥም። አንዱ ባለሙያ ሁልጊዜ ከሌላው 10 ዲግሪ ጨምሮ ቢያስቀምጥ የቁጥሮቹ ዝምድና ፍጹም ይሆናል፤ በሽተኛው ግን በሁለት የተለያየ ልክ ተቀምጧል።

ከዚህም የሚብሰው ባለሙያዎቹ በመድረሻው ራሱ አለመስማማታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት በአራት የአውሮፓ አገሮች የሚሠሩ 295 ፊዚዮቴራፒስቶች ከ9 አቀማመጦች የተሻለውን እንዲመርጡ ተጠይቀው ነበር። ከመቶ 85ቱ ከሁለቱ አንዱን መረጡ፤ ሁለቱ አቀማመጦች ግን እርስ በርሳቸው እጅግ የተለያዩ ነበሩ። እንግዲህ እጅ ከእጅ ጋር ቢስማማም እንኳ መስማማቱ ብቻውን እውነት አይሆንም።

የዚህን ሁሉ ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? በሽተኛው ነው። አንዱ «ቀና በል»፣ ሌላው «ላላ በል» ሲለው ግራ ይጋባል፤ ሕመሙም ሳይለቀው ሲቀር «ያልቻልሁበት እኔው ነኝ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል።

ስለዚህ ከመካከላችን ወደ ጤና ሙያ የምንሄድ ሁሉ፣ ልኩን በቁጥር በካርዱ ላይ እንጻፍ፤ እጃችንን ከባልንጀሮቻችን እጅ ጋር እናስተያይ፤ «ትክክለኛው ይህ ብቻ ነው» ከማለታችንም በፊት ማስረጃችንን እንመርምር። ባለሙያ የሚከበረው በሽተኛውን በማስፈራራት ሳይሆን የእጁን ልክ በማወቅ ነው።