አባቱ ነህ?

(በምሩቃን ምሽት «ዘ ኪድ» ፊልም ከመታየቱ በፊት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ብዙ እንዳላወራ አስጠንቅቀውኛል፤ በቀጥታ ወደ ፊልሙ ልግባ። የቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኪድ» በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። አስተርጓሚ አይፈልግም። እኔ በማስተምርበት በፍኖተ ሰላም አካባቢ ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው፣ ያ ቡትቶ ለባሽ ሰውዬ እንግዳ አልሆነባቸውም። አንዱማ «የቆሎ ተማሪ ነው እንዴ?» አለኝ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻ የሚያባርረውን፣ ማታ ግን ቅኔ የሚቆጥረውን ልጅ ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ረሃብና ቀልድ አብረው መሄዳቸው አዲስ ነገር አይደለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የልጇ አባት የተዋት አንዲት እናት ሕፃኗን ሀብታም ሰው መኪና ውስጥ ትታው ትሄዳለች። ሌቦች መኪናውን ሰርቀው ልጁን ደሃ ሰፈር ይጥሉታል። አንድ ምስኪን መስታወት ገጣሚ ያገኘዋል (ገጣሚ ስል የስንኙን ማለቴ አይደለም)። መጀመሪያ ልጁን ለሌላ ሰው ለማስታቀፍ የሚያደርገውን ሙከራ ተመልከቱልኝ! ከ5 ዓመት በኋላ ግን ሁለቱ ሸሪክ ሆነዋል፤ ልጁ በድንጋይ መስኮት ይሰብራል፣ አሳዳጊው ደግሞ እንደ አጋጣሚ በዚያ ያልፍና መስታወት ይገጥማል።

ከዚያ ልጁ ይታመማል። ሐኪሙ ይመጣና ይጠይቃል፦ አባቱ ነህ? ሰውየው በእጁ ያለችው እናቲቱ የጻፈቻት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ናት። ወዲያው የሕፃናት ማሳደጊያ ሰዎች መኪና ይዘው ይመጣሉ።

ይህቺ ጥያቄ የኛም ናት እኮ። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም፣ እሱም ጥቁርና ነጭ፣ ርዕሱ ምንድን ነው? «ሂሩት አባቷ ማነው»። መስከረም ላይ ለምዝገባ ስንቀመጥም ያው ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ከቡሬ ዙሪያ ገጠር የመጣ፣ አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በዚያው የቀረ፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያሳደገው ልጅ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል። አንዳንዱ የእናቱን አባት ስም ይሰጣል። ከኋላው የቆመው አሳዳጊ አንገቱን ይደፋል። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም ይላል። ተገቢ ነው፤ ልጅን ከክፉ ሰው ይጠብቃል። ግን ስንቱ ገበሬ ነው የጎረቤቱን ልጅ ስላበላ ፍርድ ቤት የሚሄደው?

ቻፕሊን ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። በ7 ዓመቱ ለንደን ውስጥ የድሆች መጠለያ ገብቷል። ፊልሙን በጀመረበት ዓመት፣ በ1919 እ.ኤ.አ.፣ የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ በ3ኛው ቀን ሞቶበታል። የጣራው ላይ ሩጫ ከሳቅ ወደ እንባ የሚዞረው ለዚህ ይመስለኛል።

ልጁን ሆኖ የተጫወተው ጃኪ ኩጋን በፊልም ሥራ ሚሊዮኖች አገኘ። አባቱ በ1935 በመኪና አደጋ ሞተ። አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ እናቱና የእንጀራ አባቱ ጨርሰውታል፤ በ1938 ከሷቸው እጁ የገባው 126 ሺህ ዶላር ብቻ ነበር። በዓመቱ የካሊፎርኒያ ግዛት ከሕፃናት ተዋንያን ገቢ የተወሰነው እንዲቀመጥላቸው የሚያዝ ሕግ አወጣች፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እንግዲህ መብራቱ ይጥፋ። የምናየው ቻፕሊን በ1971 ራሱ አሳጥሮ፣ ሙዚቃውንም ራሱ ደርሶ ያወጣውን ቅጂ ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት አስቀምጧቸው።