ጨው ያቆየው፣ ሰው የጻፈው

በማኅበራችን ጉባኤ የመዝጊያ እራት ላይ የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው «የትናንቱን ጉዞ በአጭሩ ተርክልን» ሲለኝ ሁለት ዓይነት አድማጭ እንደሚጠብቀኝ ዐውቄ ነው የተቀበልኩት። ግማሻችሁ ትናንት አብራችሁኝ ሃልሽታት ሄዳችሁ፣ ሐይቁን አይታችሁ፣ ተራራው ሆድ ውስጥ ገብታችሁ ተመልሳችኋል። ግማሻችሁ ደግሞ ጉልበታችሁን ፈርታችሁ፣ ወይም ስንት ዓመት ካልተያያችሁት ወዳጅ ጋር ቡና ልትጠጡ፣ እዚሁ ሳልዝበርግ ቀርታችኋል። ለሄዳችሁት ያያችሁትን አስታውሳችኋለሁ፤ የቀራችሁትን ትንሽ አስቀናችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ለሁላችሁም የማቀርበው ልመና አለኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እንዳትደናገሩ።

ከሳልዝበርግ ሃልሽታት በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መንገዱ በሐይቆችና በጥድ ደን መካከል እየተጠማዘዘ በባድ ኢሽል ያልፋል። ባድ ኢሽል የንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ የበጋ ማረፊያ ነበረች፤ በ1914 ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ያወጀችውን ጦርነት ንጉሠ ነገሥቱ በፊርማቸው ያጸደቁት እዚያ ነው። አስጎብኚያችን ይህን ስትናገር የታሪክ ክፍል ተመራቂዎቻችን ማይክሮፎኑን ሊቀሟት ምንም አልቀራቸውም።

ከዚያ ሐይቁ ብቅ ይላል። ከባሕር ወለል በላይ 508 ሜትር ላይ ነው ስትለን፣ ከኋላ ወንበር አንዱ «ይሄ ነው እንዴ የአልፕስ ሐይቅ? እኛ እኮ ከ2,300 ሜትር ነው የመጣነው» ብሎ አሳቀን። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ግን ሳቁ ቆመ። ተራራው በሐይቁ ዙሪያ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል፤ ውኃው እስከ 125 ሜትር ይጠልቃል። ለመንደሩ የተረፈው በተራራውና በውኃው መካከል ያለ ቀጭን ዳርቻ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቤቶቹ አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ የቆመ ይመስላሉ። እስከ 1890 ድረስ የመኪና ይቅርና የጋሪ መንገድ እንኳ አልነበረውም፤ ሰው የሚገባውና የሚወጣው በጀልባ ወይም በእግር መንገድ ነበር። ዛሬም ነዋሪው ከ800 አይበልጥም። በ1997 ዩኔስኮ አካባቢውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ከዚያ ወዲህ ጎብኚው ከነዋሪው ስንት እጥፍ እንደሆነ ትናንት በየጠባቡ መንገድ ትከሻ ለትከሻ ስንገፋፋ ያያችሁት ነው።

ቦታ ከመጥበቡ የተነሣ መካነ መቃብሩም ጠባብ ነው። ስለዚህ በቀድሞ ጊዜ አንድ ሰው ከተቀበረ ከዓመታት በኋላ አጥንቱ ይወጣና ቦታው ለሌላ ይለቀቅ ነበር። የራስ ቅሉን አጽድተው፣ አበባና ቅጠል ሥለውበት፣ ስሙንና የሞተበትን ዓመት ጽፈውበት በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ሥር ባለው ክፍል ይደረድሩታል። እንዲህ የተሣሉት ከ600 በላይ ናቸው። ከመካከላችን አማትባ የወጣች ነበረች፤ ቆሞ ስሞቹን አንድ በአንድ ያነበበም ነበር። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። መቃብሩን ማቆየት ባይችሉ ስሙን አቆዩት ብዬ ነው ያለፍኩት።

ወደ ጨው ማዕድኑ የሚወጣው በገመድ በሚሳብ ባቡር ነው። ላይ ስንደርስ ለሁላችንም ቱታ አደሉን። ዶክተሩ፣ ዲኑ፣ ነጋዴው፣ ጡረተኛው አንድ ዓይነት ቱታ ለብሶ ሲሰለፍ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች መሰልን። ውስጡ ክረምት ከበጋ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ከአንዱ ደርብ ወደ ሌላው ቶሎ ለመውረድ የሚጠቀሙበት ዓይነት የእንጨት መንሸራተቻ አለ፤ ትልቁ 64 ሜትር ይረዝማል። ለማይደፍር ከጎኑ ደረጃ አለለት። አንደኛውን መምህራችንን «ጋሼ፣ እርስዎ በደረጃው ቢወርዱ አይሻልም?» ብላቸው «አርባ ዓመት በደረጃ ወርጃለሁ፤ ዛሬ እንሸራተታለሁ» አሉኝ። ተንሸራተቱም። ፎቶግራፋቸው እዚህ በራፉ ላይ ተለጥፏል፤ ስትወጡ ተመልከቱት።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባና ትንሽ ታገሡኝ። ጨው እዚያ ተራራ ላይ ምን ይሠራል? የዛሬ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያ አገር ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። ባሕሩ ከውቅያኖሱ እየተቆረጠ በፀሐይ ሲተን ጨው፣ ጂፕሰምና ጭቃ ተነጥፎ ቀረ። ብዙ ቆይቶ የአልፕስ ተራሮች ሲነሡ ያ ንጣፍ ተጨፍልቆ፣ ታጥፎና ተደባልቆ አብሮ ወጣ። ስለዚህ ሃልሽታት ያለው ጨው እንደ አፋር የጨው ሜዳ ንጹሕና ነጭ አይደለም፤ ከሸክላ ጭቃ ጋር የተለወሰ ዐለት ነው። በተራራው ውስጥ ክፍል ቆፍረው ውኃ ይሞሉበታል፤ ውኃው ጨውን ያሟሟል፣ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ከመቶ 26 እጅ ያህል ጨው የተሸከመው ውኃ በቧንቧ ይወጣል። ያ ውኃ መፈላት አለበት፤ ለማፍላት ደግሞ እንጨት ያስፈልጋል። በአካባቢው እንጨት ሲመናመን እንጨቱን ወደ ጨው ከማጓጓዝ ጨውን ወደ እንጨቱ መውሰድ ይሻላል አሉ። ከ1595 እስከ 1607 ባለው ጊዜ 13,000 ግንድ ያህል ውስጡን ፈልፍለው፣ ጫፍ ለጫፍ ቀጥለው፣ የጨው ውኃውን 40 ኪሎ ሜትር ርቃ እስካለችው ኤበንዜ አፈሰሱት። የምሕንድስና ተመራቂዎች ትናንት እዚህ ላይ ነው ጥያቄ ያበዛችሁት።

እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ እጅግ የቆየው ነገር ነው። ከ3,000 ዓመት በፊት ሰዎች በዚያው ተራራ ውስጥ በነሐስ መሣሪያ ጨው ይቆፍሩ ነበር። ተራራው በራሱ ክብደት እየተጫነ የጥንቱን ጉድጓድ ይዘጋዋል፤ ጨው ደግሞ እርጥበቱን ስለሚመጥ በስባሽ ነገር አይበሰብስም። በዚህ ምክንያት የኋለኞቹ ቆፋሪዎች «የአረማውያን ዐለት» ብለው በሚጠሩት ንጣፍ ውስጥ ያልተገኘ ነገር የለም፦ ለመብራት ያነደዱት እንጨት፣ ከቆዳ የተሠራ የጀርባ ቅርጫት፣ ቀለም የተነከረ የሱፍ ጨርቅ፣ የሕፃን ጫማ ሳይቀር። ሌላ ቀርቶ የሰው ዓይነ ምድር ደርቆ ተገኝቶ ተመርምሯል። ገብስና ባቄላ ይበሉ ነበር፤ ይህን ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። በ2021 ይፋ የሆነ ጥናት ደግሞ የዛሬ 2,700 ዓመት ግድም በሻጋታ የበሰለ አይብ ይበሉና ቢራ ይጠጡ እንደነበር አሳይቷል።

ከሁሉ በላይ ደረጃው አለ። በ2003 የተገኘ የእንጨት ደረጃ ነው፤ ስምንት ሜትር ያህል ይረዝማል። የግንዶቹን ዓመታዊ ቀለበት ቆጥረው ዛፎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1344 እና በ1343 እንደተቆረጡ አረጋግጠዋል። በአውሮፓ ከተገኙት የእንጨት ደረጃዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። መርገጫዎቹ ተነቃይ ናቸው፤ እንደ ተዳፋቱ ይስተካከላሉ፣ አንዱ ቢሰበር ሌላ ይተካል። ሠሪው ነገ የሚመጣውን ሰው አስቦ ነው የሠራው። ትናንት ብዙዎቻችሁ ዝም ብላችሁ የቆማችሁት እዚያ ፊት ነበር።

ግን ይህን ሁሉ ያቆየው ጨው ብቻ ነው ወይ? አይደለም። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1734 ቆፋሪዎች ጨው ውስጥ የተቀበረ ሰው አገኙ። ማዕድኑ ተደርምሶበት የሞተ የጥንት ሠራተኛ ነበር፤ አካሉ ከዐለቱ ጋር ተጣብቆ ደርቋል። አወጡት፣ መካነ መቃብሩ ውስጥ ቀበሩት፣ አለቀ። ክፋት የለበትም፤ የሞተ ሰው ይቀበራል። የሣለው ሰው ግን የለም፣ የለካው የለም፤ የቀረልን ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ጨው ከሺህ ዓመት በላይ ያቆየውን ሰው አፈር በጥቂት ዓመት በላው።

ሁለተኛው ታሪክ 112 ዓመት ቆይቶ ነው። በ1846 የማዕድኑ ኃላፊ የነበሩት ዮሃን ጌኦርግ ራምዛወር ከማዕድኑ በራፍ አጠገብ የጥንት መቃብር አገኙ። ራምዛወር ዩኒቨርሲቲ የተማሩ አርኪዮሎጂስት አልነበሩም፤ የጨው ሰው ናቸው። እስከ 1863 ድረስ 980 ያህል መቃብሮች ቆፈሩ። እያንዳንዱን መቃብር ቁጥር ሰጡት፤ አጽሙ እንዴት እንደተኛ፣ ምን ከየት በኩል እንደተገኘ ጻፉ፤ በቀለምም አሣሉት። የአውሮፓ የብረት ዘመን የመጀመሪያው ክፍል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 450 ያለው፣ ዛሬ በዚያች ትንሽ መንደር ስም የሚጠራው ከዚያ መቃብር በወጣው ነገር ነው። ሰዎቹ የዝሆን ጥርስና የባልቲክ አምበር ያለበት ሰይፍ ይዘው መቀበራቸውን፣ ጨው ምን ያህል ሩቅ አገር ድረስ እንዳገናኛቸው የምናውቀው በዚያ መዝገብ ጭምር ነው። የሙዚየም ዕቃው ብቻውን ቢቀር ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብረትና አጥንት ነበር።

መቼም ወደ ራሳችን ልመለስ ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን ከመቐለ ተነሥተን፣ በበርሃሌ በኩል ወደ አፋር የጨው ሜዳ ወርደን ነበር። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ጨው ቆራጮቹ ንጣፉን በእንጨት እየፈነቀሉ፣ በመጥረቢያ እየጠረቡ አሞሌውን ሲያስተካክሉ እኛ ስለ ጨው ንጣፍ ውፍረት እንጽፍ ነበር። ከመካከላችን አንዷ ግን ሌላ ነገር ትጽፍ ነበር። እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ይባላል፣ አሞሌው በስንት ዓይነት ልክ ይቆረጣል፣ ግመል ስንቱን ይሸከማል፣ ፈንቃዩና ጠራቢው ዋጋውን እንዴት ይካፈላሉ፤ ሁሉንም ጠይቃ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ሞልታ ነበር። እኛ «ይሄ ደግሞ ፈተና ላይ ይመጣል?» እያልን እናሾፍባት ነበር።

እሷ ዛሬ በሕይወት የለችም። ባለፈው ጉባኤያችን ላይ አብራን ነበረች። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ስለ ደብተሩ ጠየቅሁ፤ ልጆቿ የሚችሉትን ሁሉ ፈልገዋል፣ ቤት ተቀይሯል፣ ዕቃ ተበትኗል። አልተገኘም። አሁን እዚያ ሜዳ ድረስ መንገድ ገብቶ ግመሉ በጭነት መኪና እየተተካ ነው። ሥራው ሲቀየር ቃላቱም ይሄዳሉ።

ትናንት ማታ አውቶቡስ ውስጥ ይህን ሳነሣ አንድ ወንድማችን «የእኔ ደብተር ምን ይረባል? የመርካቶ የእህል ዋጋ ነው የጻፍኩበት» አለኝ። ወንድሜ፣ ገብስና ባቄላ የበላው ቆፋሪም እራቱ ለማንም ይረባል ብሎ አላሰበም!

ስለዚህ ልመናዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ቤት ስንገባ የመስክ ደብተራችንን፣ ፎቶግራፋችንን፣ የቃለ መጠይቅ ካሴታችንን እንፈልግ። በላዩ ላይ ስም፣ ቦታና ዓመት እንጻፍበት፤ ያለዚያ የጨው ሜዳው ፎቶ ለልጅ ልጅ ተራ በረሃ ነው። ሁለተኛ፣ ለሚቀጥለው ጉባኤ ይዘነው እንምጣ፤ ማኅበሩ ቅጂውን ያነሣል፣ ዋናው ከባለቤቱ አይለይም። ሦስተኛው እዚህ ለተገኛችሁት የዛሬዎቹ መምህራን ነው፦ ቅጂው የሚቀመጥበት አንድ መደርደሪያ ስጡን፤ አሁን የምታስተምሯቸው ተማሪዎች ከመስክ ሲመለሱም የደብተራቸውን ቅጂ እዚያው እንዲተዉ አድርጉ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሰው ከማለፉ በፊት መጀመርን ነው።

አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል» ይላሉ። እኛም ያየነውን ለራሳችን ስንል ብንጽፈው ነው የሚሻለን።

ትናንት ያስጎበኙንን፣ በጠባቡ ደረጃ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ታላላቆቻችንን የደገፋችሁትን፣ ስንቁን ያዘጋጃችሁትን እኅቶችና ወንድሞች ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። በራፉ ላይ ካለው ፎቶግራፍ አጠገብ መዝገብ ተቀምጧል፤ ቤቱ ደብተር ያለው ሰው ከመውጣቱ በፊት ስሙንና የሄደበትን ቦታ ያስፍርልኝ። ለሚቀጥለው ጉባኤ በሰላም ያድርሰን።