ሰዓት ማሰርና ሰዓት ማንበብ

ሰዓት ያሰራችሁ አባቶችና ወንድሞች! ቀኝ እጁ የሚቀናው ሰው ሰዓቱን በግራው ቢያስር ይመረጣል፤ ሲጽፍም ሲቆፍርም ብዙ አይንገላታበትም። ግራኝ ከሆነ በቀኙ ያስር። ቦታው ከእጅ አንጓ አጥንት ከፍ ብሎ ነው። ማሰሪያው ትንሿን ጣት ያስገባ። ከጠበቀ ላብ ይዞ ቆዳን ይልጣል፤ ከላላ እየዞረ ይጋጫል። የሚሞላ ሰዓት ከሆነ በየጠዋቱ አውልቃችሁ ሙሉት፤ እንቢ ካለ አታስገድዱት።

ዳሩ ግን «ስንት ሰዓት ነው?» ሲባል ክንዱን ለጠያቂው የሚዘረጋ ስንት ሰው አለ! አለማወቅ አያሳፍርም፤ አለመጠየቅ ግን ይጎዳል። ማታ ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ ከ1 እስከ 12 ያሉትን ቁጥሮች አጥኑ። አጭሩ ዘንግ ሰዓትን፣ ረጅሙ ደቂቃን ይናገራል። ረጅሙ 3 ላይ ሲደርስ ሩብ፣ 6 ላይ ሲደርስ ተኩል ነው። ነገ ጠያቂ ሲመጣ ራሳችሁ አንብባችሁ ንገሩት።