በማኅተሙ ላይ ያለው የማን ቃል ነው?

(በዲላ ለአብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «በፈቃድ የሚገባባቸው ዓለም አቀፍ የንግድ፣ የአካባቢና የሥራ መስፈርቶች» ይላል። ርእሱ ሲነበብ ከኋላ የተቀመጡ እናቶች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አይቻለሁ። እውነታቸውን ነው፤ ስሙ ከባድ ነው። ነገሩ ግን ከጓሯችን የራቀ አይደለም። ከዚህ ከዲላ ተነሥታችሁ በወናጎና በይርጋጨፌ አልፋችሁ እስከ ኮቸሬ ብትሄዱ፣ እሸት ቡና ከሚረከቡት ማኅበራት መካከል እነዚህን መስፈርቶች እናከብራለን ብለው የፈረሙ ታገኛላችሁ። ከእናንተም መካከል የማኅበር አባል የሆናችሁ፣ ሳታውቁት ፈርማችሁ ይሆናል።

«በፈቃድ» መባሉ መንግሥት ስላላስገደደ ነው። ገበሬው በማኅበሩ አማካይነት፦ ቡናዬን በዚህ መንገድ አመርታለሁ፣ ሠራተኛዬን በዚህ መንገድ እይዛለሁ ብሎ ቃል ይገባል፤ ገዢውም በዚህ ዋጋ እገዛለሁ ይላል፤ ሦስተኛ ወገን መጥቶ ይመረምርና የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ፍትሐዊ ንግድ፣ በተለመደው ስሙ ፌርትሬድ፣ አንዱ ነው። ኦርጋኒክ የሚባለውም ሌላው ነው። የፍትሐዊ ንግድ ማኅተም መጀመሪያ በቡና ላይ የታተመው በ1988 (እ.ኤ.አ.) በሆላንድ አገር ሲሆን፣ ቡናው የመጣው ከሜክሲኮ ገበሬዎች ነበር። ሐሳቡን ካመነጩት አንዱ ከእነዚያ ገበሬዎች ጋር የሚኖር ቄስ፣ ሌላው የአንድ የአብያተ ክርስቲያናት የልማት ድርጅት ሠራተኛ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የነጋዴዎች ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አጀማመሩ እንዲህ እንደ ነበረ ልብ በሉ።

ወደ እኛ እንምጣ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ለአንድ ፓውንድ ወርዶ ነበር። ያን ዘመን በዕድሜ ጠና ያላችሁት ከእኔ ይልቅ ታስታውሳላችሁ። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን የተቋቋመው በማግስቱ፣ በ2002 ነው። ዩኒየኑ የአባል ማኅበራቱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ስለሚልክ፣ ፍትሐዊና ኦርጋኒክ የሚባሉት ገዢዎች ወደ ጌዴኦ የሚገቡበት አንዱ በር ሆነ።

አሁን በገንዘቡ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሐሜቱ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነውና። ከነሐሴ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለታጠበ ቡና የፍትሐዊ ንግድ ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ነው። ኦርጋኒክ ከሆነ 40 ሳንቲም ይጨመርበታል። ከዚህ ሌላ ለማኅበሩ የጋራ ልማት 20 ሳንቲም አለ፤ ይህን ፕሪሚየም ይሉታል። በእኛ መለኪያ እናስላው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ በፓውንድ 37 ተኩል ያህል ይሆናል። እንግዲህ ከአንድ ፈረሱላ ንጹሕ ቡና የሚገኘው ፕሪሚየም 7 ዶላር ተኩል ገደማ ነው። አንድ ፈረሱላ ለማግኘት ደግሞ ወደ መቶ ኪሎ እሸት መልቀም ያስፈልጋል።

ይህ ገንዘብ በየኪሱ አይገባም። ምን እንደሚሠራበት የሚወስነው የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ወይም የሂሳብ ሹሙ አይደለም። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ማኅተም ያለው ቡና ሁሉ በማኅተሙ ዋጋ አይሸጥም። ፕሪሚየሙ የሚከፈለው ገዢው «በፍትሐዊ ንግድ እገዛለሁ» ባለው መጠን ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በጉባኤ ላይ «ፕሪሚየሙ የት ገባ?» ብሎ ከመጮኽ በፊት «ዘንድሮ ስንት ኩንታል በዚያ ውል ተሸጠ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ንጹሑ ሰው ያለ በደል አይታማም፣ ያጎደለውም መደበቂያ አያገኝም። በምሳሌ 11፥1 ስለ ሚዛን የተጻፈውን ሁላችን እናውቃለን፤ የማኅበር መዝገብም ሚዛን ነው።

ደግሞ ዋጋ በሚወጣበት ዓመት የምንፈተነው እኛው ነን። በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ 1 ዶላር ከ80 ምን ትርጉም ነበረው? ነጋዴው በር ላይ ጥሬ ብር ይዞ ይቆማል፣ ማኅበሩ ብድር እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ቡናውን ለነጋዴው የሰጠውን ገበሬ እኔ አልፈርድበትም፤ የልጅ ደብተር ቀጠሮ አይሰጥም። ነገር ግን ማኅበሩ በዋጋ መውደቂያው ዓመት እንዲኖር የምንፈልግ ከሆነ፣ በደጉ ዓመት ባዶ መጋዘን ልንተውለት አይገባም።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ማኅበር የውስጥ ቁጥጥር ቅጽ በመሙላት እረዳ ነበር። ደንቡ የውስጥ ተቆጣጣሪው በየዓመቱ የእያንዳንዱን አባል ጓሮ ሄዶ እንዲያይ ያዛል፤ የውጭው መርማሪ ናሙና ብቻ ነው የሚያየው። ዝናብ ያዘንና እኔ ገበሬዎቹን በመጋዘኑ በረንዳ ሰብስቤ በቃል እየጠየቅሁ ሞላሁት። ፀረ አረም ትረጫለህ? አልረጭም። ምልክት አደርጋለሁ። ተራቸው የደረሰ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ጓሮዬን አይተኸዋል?» አሉኝ። «አላየሁም አባቴ» አልሁ። «ታዲያ ወረቀቱ አይቻለሁ የሚለው እንዴት ነው?» አሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስለ ሐሰት ምስክርነት ተፈትኜ ጥሩ ውጤት ያገኘሁ ሰው፣ የምመልሰው አጣሁ።

በማግስቱ ሄድሁ። የእርሳቸው ጓሮ እንከን አልነበረበትም። የጎረቤታቸው የበቆሎ ማሳ ግን ፀረ አረም ተረጭቶ በድንበሩ ላይ ያለው ሣር ቢጫ ሆኖ ነበር። ለድንበሩ የቀረቡት የቡና እግሮች ተለይተው እንዲለቀሙና ከኦርጋኒኩ ጋር እንዳይቀላቀሉ ተደረገ። በረንዳ ላይ የተሞላው ቅጽ ይህን ሁሉ «የለም» ብሎ አልፎት ነበር።

ስለ አካባቢው ብዙ አልናገርም፤ ከዋንዛውና ከብርብራው ሥር እንሰትንና ቡናን አብሮ ማሳደግ አባቶቻችን ያወቁት መስፈርቱ ከመጻፉ በፊት ነው። ዩኔስኮም በ2023 (እ.ኤ.አ.) የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የምንታማው በማጠቢያ ጣቢያው ቆሻሻ ውኃ ነው። የገለፈቱ ውኃ ጉድጓድ ሳይገባ ወንዝ ከገባ፣ ከታች የሚቀዳ ወንድማችን ነው።

የልጆች ጉዳይ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። የፍትሐዊ ንግድ መስፈርት ልጅ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቀላል ሥራ ወላጁን እንዲረዳ ይፈቅዳል፤ ከክፍል ቀርቶ እንዲለቅም ግን አይፈቅድም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የክፍሎቻችንን ወንበሮች ቁጠሩ። በሰንበት ትምህርት የምታስተምሩ ማን እንደ ቀረ ታውቃላችሁ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ሕግ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ፈቃድ ሳይሆን ግዴታ ነው። ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና እንዳይገባ ይከለክላል፣ የማሳውንም መገኛ ይጠይቃል። የሚጸናበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። እስከዚያ ድረስ ጓሯችሁን ለመለካት የሚመጣ ሰው ሲኖር ለማን እንደሚሠራና ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁት፤ መሬት ሊወሰድ ነው የሚለውን ወሬም ከመስማታችሁ በፊት።

በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቁጥጥሩ ቅጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጌዴኦ ቋንቋ ይነበባል። የአባልነት ደብተር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ደብተሩ በባል ስም ቢሆንም ሚስትም ትምጣ፤ እሸቱን የለቀመችውና አልጋው ላይ የለየችው እርስዋ ናትና፣ ስለምን ቃል እንደ ተገባ ትስማ።