ናስ ሁሉ አንድ አይደለም
በተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ ንገረን» ሲሉኝ ስለ ትልልቅ መርከቦች እንዳወራ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን የማወራው ስለ ጎሚቶና ስለ ቫልቭ ነው። ዱባይ ውስጥ ጀልባ በሚጠግን ድርጅት በመካኒካል መሐንዲስነት እሠራለሁ፤ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝም ይህንኑ ነው፦ ለጀልባዋ ወጥ ቤት ምን ዓይነት የቧንቧ ዕቃ እንግዛ?

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቤት ውስጥ የተሰበረ ቫልቭ ቢበዛ ወለል ያበላሻል። በብዙ ጀልባዎች ግን የዕቃ ማጠቢያው ፍሳሽ የጀልባዋን አካል በስቶ ወደ ባሕር ይወጣል። መውጫው ከውሃው ወለል በታች ከሆነና ቫልቩ ከተሰበረ ባሕሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ሌሊት ከሆነ ደግሞ ሰው የሚነቃው እግሩ ሲረጥብ ነው።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። እኛ ናስ ስንል ሁለት ቅይጦችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንዱ ብራስ ነው፤ መዳብና ዚንክ። ሌላው ብሮንዝ ነው፤ በዋናነት መዳብና ቲን። ሱቅ ላይ ለዓይን ይመሳሰላሉ። ተራው ብራስ ግን 40 በመቶ ያህል ዚንክ አለበት። የባሕር ውሃ ዚንኩን እየመረጠ ያወጣዋል፤ የሚቀረው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት መዳብ ነው። ቅርጹ ስለማይለወጥ እስኪሰበር ድረስ ደህና ይመስላል። በቢላ ጫፍ ፋቅ ስታደርጉት ቢጫነቱ ጠፍቶ ወደ ሮዝ ከቀላ፣ ዛሬውኑ ይቀየር።

ጣና ላይ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ ውሃው ጨዋማ አይደለም። ቀይ ባሕርም ሆነ እኔ ያለሁበት ባሕረ ሰላጤ ግን በአንድ ሊትር ውሃ 40 ግራም ያህል ጨው አለ።

ታዲያ ምን እንግዛ? ከውሃ ወለል በታች ላለው ሁሉ ብሮንዝ፣ ወይም ዚንኩ እንዳይወጣ ተብሎ የተቀየጠ ብራስ፤ እሱ ላይ «ዲ ዜድ አር» ወይም «ሲ አር» የሚል ምልክት ፈልጉ። በመስታወት ክር የተጠናከረ፣ ለባሕር የተሠራ ናይለንም ጥሩ ነው፤ ፕላስቲክ ነው ብላችሁ አትናቁት። የጀልባዋ አካል አሉሚኒየም ከሆነማ እሱ ይሻላል፤ ብሮንዝና አሉሚኒየም በጨው ውሃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆናሉ፣ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ፋሼታው አይዝጌ ብረት ይሁን፣ ያውም ሞሊብዴነም ያለበት 316። እሱም ቢሆን አየር በማይደርስበት፣ ውሃ በተኛበት ጠባብ ቦታ ይበላል፤ ስሙ አያዘናጋችሁ።

«ደረጃውን ያሟላል» የሚል ወረቀትም ብቻውን አይበቃም። ለትንንሽ ጀልባዎች የወጣው አይ ኤስ ኦ 9093 «ዝገት የሚቋቋም» ሲል የለካው በ5 ዓመት አገልግሎት ነበር። ጀልባ ግን 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች።

መምህራኖቻችን፣ የአገራችን ልጆች ዛሬ በዓለም መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። ስለ ዝገት የምናስተምራቸው በብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ሲዝግ ይታያል። ናስ አይታይም። ስለዚህ ከጀልባ ላይ የፈታኋቸውን ሦስት አሮጌ ቫልቮች ይዤ መጥቻለሁ፤ ለቤተ ሙከራው ይሁኑልኝ። ሁለቱን መሃል ለመሃል ቆርጬ አሳይቻለሁ። ሦስተኛውን ግን አልነካሁትም፤ እሱን ተማሪ በእጁ ይስበረው።