በነፋስ መውጫ ያየነውና ለጉባኤው ያመጣነው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ የሴቶች ቀን በተከበረበት የካቲት 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በቆጋ የቀረበ ንግግር። አቅራቢዋ የማኅበሩ የሂሳብ ሠራተኛ ናት።)



በጥር ወር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ አምስት ሴቶች ተመርጠን ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ ሄደን ነበር። የላካችሁን በጦርነቱ የተዘረፉ ሴቶች ቁጠባቸውን እንዴት መልሰው እንዳቆሙ አይተን እንድንነግራችሁ ነው። የሄድነው በእናንተ መዋጮ ስለሆነ ያየነውን መናገር ግዴታችን ነው። ከዚያ በተጨማሪ ከምሳ በኋላ ድምፅ የምትሰጡባቸው ሁለት ሐሳቦች ይዘን መጥተናል። ሁለቱም ገንዘብ የሚነኩ ናቸውና በጥሞና አድምጡን።

በመጀመሪያ ስለ መንገዱ። ከመርዓዊ ተነስተን፣ ባሕር ዳርንና የፎገራን የሩዝ ማሳ አልፈን፣ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ይህ ቻይናዎች የሠሩት፣ ወልድያ ድረስ የሚዘልቀው መንገድ ነው። ከወረታ ጀምሮ ዳገት ነው። ደብረ ታቦር ስንደርስ ጋቢ ለበስን። የጉናን ተራራ በጎን እያየን ክምር ድንጋይን አልፈን ነፋስ መውጫ ስንገባ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥተናል። ከተማዋ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ቆጋ ላይ ስንዴው በመስኖ ሲለመልም እዚያ ውርጭ ነበር።

በዚህ መንገድ ላይ ያለ ከተማ ሁሉ የእርስ በርስ ጦርነት ያለፈበት ነው። ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች። አጠገቧ ባለችው በጋፋት የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ሠሩላቸው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ አገሩ ሲሸፍትባቸው ከተማዋን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በቤጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ በአንቺም ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ወደቁ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ከሰማይ ቦምብ ጥሏል። የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። በደርግ መጨረሻ ዓመታትም በጉና ዙሪያ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በየካቲት 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን ለመያዝ የከፈተው ዘመቻ ስም እንኳ "ዘመቻ ቴዎድሮስ" ነበር።

ይህን የምንናገረው ታሪክ ለማስተማር አይደለም። ከእኛ መካከል ከኛ በተሻለ የሚያውቁ እናቶች አሉ። የነገሥታቱ፣ የራሶቹና የመድፉ ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ መድፉ ምን ያህል እንደከበደና ምን ያህል ወር እንደፈጀ የጻፈ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከጎተራው እህል የተወሰደባትን ሴት ግን የመዘገበ የለም። ያስተናገዱን አንዲት አዛውንት "ልጆቼ፣ በዚህ መንገድ ጦር ሲወጣም ሲወርድም ራቱን እኛ ቤት በልቶ ነው የሚያልፈው" አሉን። እንግዲህ እኛ የሄድነው ያንን ያልተጻፈ ሂሳብ ለማየት ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ጦርነት እንምጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ታጣቂዎች ነፋስ መውጫን ያዙ፤ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቆዩ። ዘጠኝ ቀን ነው። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሱቅና ቤት ተዘረፈ፤ ሆስፒታሉም ተዘረፈ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከዚያ በኋላ በከተማዋ 16 ሴቶችን አነጋግሯል። ሁሉም መደፈራቸውን፣ 14ቱ ደግሞ ከአንድ በላይ በሆኑ ታጣቂዎች መደፈራቸውን ተናግረዋል። መታከሚያው ስለተዘረፈ በጊዜው ተገቢውን ሕክምና ማግኘት አልቻሉም።

እህቶቻችን፣ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ይኸው ድርጅት በዚያው በነሐሴ ወር ስለ ትግራይ ሴቶችም ዘገባ አውጥቷል። እዚያ 63 ሴቶችና ልጃገረዶች በኢትዮጵያና በኤርትራ ወታደሮች፣ በአማራ ልዩ ኃይልና በፋኖ አባላት የደረሰባቸውን ተናግረዋል። የሴት ገላ ወገን የለውም። የጋይንቷን እህታችንን ዕንባ የምንቆጥር ከሆነ የአድዋዋንም መቁጠር አለብን። የአንዱን ጽፎ የሌላውን መተው በእኛ ሙያ የተጭበረበረ ሂሳብ ይባላል።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። እኛ የሄድነው ከዚያ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። በከተማዋ አንድ የሴቶች ራስ አገዝ ቡድን ተቀበለን። ስማቸውን እንዳንጠቅስ ጠይቀውናልና አንጠቅስም። 24 ሴቶች ናቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሰበሰባሉ። እንደኛው ሦስት ቁልፍ ያለው ሳጥን ነበራቸው፤ ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ፣ ሳጥኑ በአራተኛዋ ቤት።

ታጣቂዎቹ ሲመጡ ሦስት ቁልፍ ምን ያደርጋል? ሳጥኑን በመጥረቢያ ፈለጡት። ግን ክረምት ስለነበር ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብር ጥቂት ነበር። አብዛኛው ለማዳበሪያና ለበግ መግዣ በብድር ወጥቶ በአባላት እጅ ነበር። በጎቹ ታረዱ፣ ማሳው ግን ቀረ። ዋናውን ደብተር ጸሐፊዋ በፌስታል ጠቅልላ ከዶሮ ቆጡ ሥር ቀብራው ስለነበር ተረፈ።

ከተማዋ ነፃ ወጥታ ሴቶቹ እንደገና ሲሰበሰቡ ሳጥን የለም፣ ብር የለም፣ ደብተሩ ብቻ አለ። መጀመሪያ ያደረጉት ደብተሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር። እገሊት ይህን ያህል ቆጥባለች፣ እገሊት ይህን ያህል አለባት። ሰባቱ የግል ደብተራቸው ተርፎላቸው ነበርና ከዋናው ጋር አመሳከሩት፤ አንድም ልዩነት አልተገኘም። እኛ ይህን ስንሰማ ተያየን። ሂሳብ ስንሠራ "ይህ ሁሉ መጻፍ ለምን?" የምትሉን እናቶች አላችሁ። ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የዕዳው ጉዳይ መጣ። "በጎቹ ተበልተዋል፣ ዕዳው ይሰረዝ" ያሉ ነበሩ። ክርክሩን የፈታችው አንዲት ባለዕዳ ናት። "ዕዳዬን ብትሰርዙልኝ 'ይህቺ አለቀላት' ብላችሁ መዘገባችሁኝ ማለት ነው። ጊዜ ስጡኝ እንጂ አትሰርዙኝ" አለች። ወለዱን አቁመው መክፈያውን አንድ ዓመት ተኩል አራዘሙት። እኛ በጥር ስንደርስ ከአምስት አባላት በስተቀር ሁሉም ከፍለው ጨርሰዋል። አምስቱም እየከፈሉ ናቸው።

አሁን የመጀመሪያው ሐሳባችን። የቡድኑን ደብተር እንድናይ ሲፈቅዱልን አንድ ለየት ያለ ገጽ አገኘን። ርዕሱ "ለጤና" ይላል። ከሥሩ ቁጥርና የብር መጠን ብቻ ነው ያለው፤ ስም የለም፣ ምክንያት የለም፣ ደረሰኝ የለም። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ "ይህ ወጪ ለማን ነው?" ማለት ልማዳችን ነው፤ ጠየቅናቸውም። ሰብሳቢያቸው "ያንን ብንጽፍ ኖሮ ማንም አትወስድም ነበር" ብለው መለሱልን።

ነገሩ ገብቷችኋል። በትንሽ ከተማ ወደ ሕክምና መሄጃ ብር የጠየቀች ሴት ምክንያቷን ከተናገረች ነገ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። ባሏ ሊፈታት፣ ልጇ ሊሸማቀቅ ይችላል። ስለዚህ ዝም ትላለች፤ ዝምታው ደግሞ በሽታ ይሆናል። እነዚህ ሴቶች ከማኅበራዊ መዋጮው ከፍለው ለይተው ሁለት የሚያምኗቸውን እናቶች መረጡ። የተቸገረች ከሁለቱ ለአንዷ ትነግራለች፤ ሁለቱ ይፈርማሉ፤ ብሩ ይወጣል።

እኛም በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ እንዲጨመር እንጠይቃለን። ከማኅበራዊ መዋጮው አንድ አስረኛው "ለጤና" ተብሎ ይለይ። ያ ጦርነት ቆጋ ላይ ባይደርስም ለማንም የማይነገር ሕመም ያለባት ሴት እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለችም የሚል ይኖራል?

"ደረሰኝ የሌለው ወጪ የሌብነት በር ነው" የምትሉ ልክ ናችሁ፤ እኛም መጀመሪያ ያሰብነው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በሩን የሚጠብቁ አራት ነገሮች አስቀምጠናል። አንደኛ፣ አንዲት አባል በዓመት ልትወስድ የምትችለው ጣሪያ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ፈራሚዎቹ ሁለት እናቶች ዝምድና የሌላቸው ይሁኑ፣ በየዓመቱም ይመረጡ። ሦስተኛ፣ በየሦስት ወሩ የወጣው ድምር በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ ስም ግን አይነበብ። አራተኛ፣ ኦዲተሩ ሁለቱን ፊርማና ድምሩን ያይ እንጂ ምክንያቱን አይጠይቅ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የምትሰጡትን ገንዘብ እያንዳንዱን ብር በደረሰኝ ስናወራርድ ኖረናል፤ ወደፊትም እናወራርዳለን። ይህ መስመር ግን ስም ሳይኖረው ይመጣላችኋል። ስሙን አትጠይቁን። ለሪፖርት ተብሎ የአንዲት ሴት ታሪክና ፎቶግራፍ እንዲላክ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ማቅረብ የምንችለው ቁጥርና ሁለት ፊርማ ነው። ያ የማይበቃ ከሆነ ይህን ክፍል በራሳችን መዋጮ እንሸፍነዋለን።

ሁለተኛው ሐሳባችን የድንች ዘር ነው። ሳቃችሁ፤ ከእንዲህ ያለ ነገር ወደ ድንች? አዎ። ስንሰናበታቸው "ምን እናድርግላችሁ?" ብለን ጠይቀናቸው ነበር። ልብስ ወይም ዱቄት የሚሉ መስሎን ነበር። "ገበያ ስጡን" አሉ።

ቆጋ ወደ 7,000 ሄክታር የሚደርስ መሬት በመስኖ ያለማል፤ ከመካከላችንም በመስኖ ድንች የምታመርቱ ብዙ ናችሁ። ችግሩን ታውቁታላችሁ። ከራሳችን ምርት ዘር እያስቀረን ደጋግመን ስንተክል ምርቱ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፤ ማሳ ላይም ድንገት የሚያጠወልገው በሽታ ይገባል። በሽታው ሙቀት ይወዳል፤ ቫይረስ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተባዮችም እንዲሁ። ውርጭና ነፋስ ባለበት ደጋ ግን ሁለቱም ይቀንሳሉ። የነፋስ መውጫ ብርድ ለእኛ ጋቢ ቢያስለብሰንም ለድንች ዘር ጥሩ ነው።

ጊዜውም ይገጥማል። እነርሱ በክረምቱ ዝናብ ተክለው በመስከረምና በጥቅምት ያነሳሉ። ብርሃን በሚያስገባ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ጎንቁሎ በኅዳርና በታኅሣሥ ለእኛ የመስኖ ተከላ ይደርሳል። እነርሱ የጎደላቸው የመነሻ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ከምንገዛው ዘር አንድ አራተኛውን ብቻ ከእነርሱ እንድንገዛ፣ ግማሽ ዋጋውንም በግንቦት በቅድሚያ እንድንከፍል እንጠይቃለን። ዘሩ ከመጫኑ በፊት የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች እንዲያዩልን እንጠይቃለን። ውሉ በሁለቱ ማኅበራት ማኅተም ይጻፋል።

በረዶ ቢመታውስ? መንገድ ቢዘጋስ? ሊሆን ይችላል። ቅድሚያ ክፍያው የሚወጣው ካለፈው ዓመት ትርፍ ነው፤ የማንኛችሁም ቁጠባ አይነካም። ቢጠፋ የምናጣው ያንኑ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ቢሳካ ደግሞ እኛ ንጹሕ ዘር፣ እነርሱ ገበያ እናገኛለን። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ምጽዋት ቢሆን ኖሮ እነርሱም አይቀበሉትም ነበር።

በመጨረሻም ድምፅ የማያስፈልገው አንድ ሥራ አለ። ከዛሬ ጀምሮ የማኅበራችን ዋና ደብተር በሦስት ቅጂ ይያዛል፤ አንዱ በቢሮ፣ አንዱ በሰብሳቢያችን ቤት፣ አንዱ ከቆጋ ውጭ። የግል ደብተራችሁንም በየወሩ መጨረሻ ከዋናው ጋር እናመሳክራለን። ደብተራችሁን ልጆች እንዳይስሉበት በደህና ቦታ አስቀምጡልን።

እግዚአብሔር ሰላሙን ያጽናልን። ጥያቄ ያላችሁ አሁኑኑ አንሱ፤ ከምሳ በኋላ እጅ እናወጣለን።