በዳቦ የተገዛ ፊደል



እኛ የማታ ተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። መምህራችን የአንድ ሰው የልጅነት ታሪክ ከእንግሊዝኛ አሳጥረው በአማርኛ ጻፉልንና «አንብቡ፤ የተሰማችሁንም ለመንደሩ ሰው ንገሩ» አሉን። ተራ በተራ እያነበብን በአራት ማታ ጨረስነው።

ባለታሪኩ ፍሬድሪክ ዳግላስ ይባላል። የተወለደው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ በሚባል አገር፣ ከባሪያ እናት ነው። መጽሐፉ የታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1845 ነው። ይህ ሰው የተወለደበትን ቀን አያውቅም። እዚህ ላይ ስንደርስ እርስ በርሳችን ተያየን። ከእኛስ ስንቱ ያውቃል?

እናቱን ገና ሕፃን ሳለ ለዩት። እሷ ሌላ እርሻ ላይ ስትሠራ ትውልና አልፎ አልፎ 19 ኪሎ ሜትር ያህል በሌሊት በእግሯ ትመጣ ነበር። አስተኝታው ሳይነጋ ትመለሳለች። ብርድ ሲጠና ልጁ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ እግሩ ግን ውጭ ይቀራል።

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ባልቲሞር ወደሚባል ከተማ ላኩት። የቤቱ እመቤት ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባሏ ይህን ሲሰማ፣ ካነበበ ለባርነት አይመችም ብሎ ከለከላት። ልጁ ግን ነገሩ ገባው። ጌታው ይህን ያህል የፈራው ፊደል ለካ ትልቅ ኃይል ነው! ከዚያ ወዲያ ዳቦ ይዞ እየወጣ ለተራቡ የነጭ ልጆች ይሰጣል፤ እነሱም ንባብ ያስተምሩታል። ኋላም በ1838 ከባርነት አመለጠ።

እኛም «ይህ ልጅ እኛን ይመስላል» አልን። ከመካከላችን አንዲት እናት ግን «እኔስ ጌታውን ነው የምመስለው» አለች። «ልጄ ትምህርት ቤት ልግባ ብላ ስታለቅስ፣ ውሃ ማን ይቀዳልኛል ብዬ ከልክያታለሁ።»

ሁላችንም ዝም አልን። ከብት ጠብቅ ብሎ ልጁን ያላስቀረ ማን አለ? ያ ጌታ የከለከለው ጥቅሙን ፈርቶ ነው፤ እኛ የከለከልነው ቸግሮን ነው። ለተከለከለው ልጅ ግን ምን ልዩነት አለው?

ስለዚህ ሁለት ነገር ተስማማን። የልጆቻችንን የልደት ቀን በደብተር እንጽፋለን። ውሃውንና ከብቱን ደግሞ በተራ እንይዛለን፤ ልጆቹ ይማሩ።

የዚያች እናት ልጅ ዛሬ ተማሪ ናት። ማታ ማታ እናትና ልጅ በአንድ ኩራዝ ያነባሉ። እናንተስ፣ የማንን ልጅ አስቀርታችኋል?